ጫማውን መልሱለት

ቃሊቲ ባለ አንድ የሸቀጥ መጋዘን በኃላፊነት ስሠራ የጥበቃ ክፍሉን የሚመሩት አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። በደርግ ዘመን ወታደራዊ ፖሊስ ነበሩ። ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን ቤታቸው ገቡ፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከተጠሩት የቀድሞ ወታደሮች ጋር ተመልሰው ዘመቱ። ስለ ውጊያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ሐሳባቸው ሁሉ መዝገብ ላይ ነበር፤ በበሩ የገባውንና የወጣውን ሳይጽፉ የማይተኙ ሰው ስለነበሩ ወጣቶቹ ዘቦች ከኋላቸው ይሳሳቁባቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተጭኖ ሊወጣ በነበረ አይሱዙ ላይ፣ በወጪ ደረሰኙ ከሰፈረው ውጪ ስድስት ካርቶን ሳሙና ከሸራው ሥር ተገኘ። ሾፌሩ አላውቅም አለ። ረዳቱ ሊሮጥ ሲል ተያዘ። ስደርስ ልጁ በባዶ እግሩ የጥበቃ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ጫማው ጣሪያ ላይ ተወርውሯል፤ ኪሱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ አንደኛው ዘብ ብሩን ይቆጥራል።

ሃምሳ አለቃ ገብተው ስለ ሳሙናው አንድም ቃል አልጠየቁም።

«ጫማውን መልሱለት።»

«ይሮጣል እኮ ጋሼ!»

«በሩ ላይ የቆምከው አንተ ነህ። ከሮጠ የምጠይቀው አንተን እንጂ ጫማውን አይደለም።»

ከዚያ ልጁ ገንዘቡን በራሱ እጅ እንዲቆጥር አደረጉ። ብሩን፣ ስልኩን ከነስንጥቁ፣ መታወቂያውንና የቁልፍ ዘለላውን ዘርዝረው ጻፉ፤ አስፈረሙት፤ ከሥሩም ስማቸውንና ማዕረጋቸውን አሰፈሩ። ማዕረግ የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም፤ እጃቸው ለምዶ ነው። ግልባጩን አጥፈው ለልጁ ሰጡትና ፖሊስ አስጠሩ።

በማግሥቱ የልጁ ዘመዶች ፖሊስ ጣቢያ መጥተው ዘቦቹ ዘጠኝ ሺሕ ብር ወስደውበታል ብለው አመለከቱ። መርማሪው ዘቦቹን ሊያስጠራ ሲል ግልባጩ ከራሱ ከልጁ ኪስ ወጣ፦ 1,740 ብር፣ ከነፊርማው። ክርክሩ እዚያው አበቃ። ያች ወረቀት ባትኖር ኖሮ ከሳሽ ሆነን የገባነው ሰዎች ተከሳሽ ሆነን እንወጣ ነበር።

ሻይ ስንጠጣ ስለ ጫማው ጠየቅኋቸው። ግንባር ላይ ወታደር ሰው ሲማርክ መጀመሪያ የሚያወልቀው ጫማ ነው አሉኝ፤ አንዳንዱ እንዳያመልጥ ብሎ፣ አንዳንዱ የራሱ ስላለቀበት። ወታደራዊ ፖሊስ ምርኮኛውን ሲረከብ ባዶ እግሩን ነው የሚረከበው፤ ድንጋይና እሾህ ላይ አስኬዶ ወደ ኋላ ማድረስ ደግሞ የእሱ ዕዳ ነው። «ጫማ የሌለው ይዘገያል። ሲዘገይ አጃቢው ይናደዳል። ጨለማ ሲመጣ የተናደደ አጃቢ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።» ስለ ርኅራኄ አላወሩም፤ የነገሩኝ ሥራቸውን ነው።

ነገሩ ስላልወጣልኝ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ስለ ጦር ምርኮኞች አያያዝ የሚደነግገው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 18፣ ከመሣሪያ፣ ከፈረስ፣ ከወታደራዊ ዕቃና ሰነድ በስተቀር የግል መገልገያው ሁሉ ከምርኮኛው ጋር ይቆያል ይላል። ገንዘቡን ለመውሰድ የመኮንን ትእዛዝ፣ የመዝገብ ጽሑፍና ደረሰኙን የሚሰጠው ሰው ስም፣ ማዕረግና ክፍል በግልጽ የሰፈረበት ዝርዝር ደረሰኝ ያስፈልጋል። የሃምሳ አለቃ ወረቀት ቅርጹ ከዚህ ነው የመጣው! ከጦርነቱ በኋላ በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ደግሞ ዘ ሔግ ላይ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2003 በሰጠው ውሳኔ፣ ምርኮኞችን ከተያዙበት ቦታ እስከ መጀመሪያው ማቆያ ረጅም መንገድ ያለጫማ በማስኬድ ሁለቱንም መንግሥታት ተጠያቂ አድርጓል። አዎን፣ የእኛንም። ሽማግሌው በጥበቃ ቤት ያወሩኝ ነገር ዓለም አቀፍ ዳኞች ፊት ቀርቦ ኖሯል።

ብዙዎቻችን ወታደራዊ ፖሊስን የምናውቀው ከመጠጥ ቤት ሰካራም ወታደር ሲያወጣ ነው። በጦርነት ጊዜ ግን አብዛኛው ሥራው መንገድ፣ ምርኮኛና ከክፍሉ የተነጠለ ወታደር ነው። አሜሪካ ወታደራዊ ፖሊሷን ራሱን የቻለ ቋሚ የሠራዊት ዘርፍ ያደረገችው እ.ኤ.አ. መስከረም 1941 ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ፈረንሳይ ውስጥ ሬድ ቦል ኤክስፕረስ የተባለው የስንቅ መስመር፣ ጫፍ በደረሰበት ቀን ከ12 ሺሕ ቶን በላይ ሲያጓጉዝ፣ የሚሄደውንና የሚመለሰውን መኪና በተለያየ መንገድ እየለዩ መስቀለኛው ላይ የሚቆሙት እነዚሁ ፖሊሶች ነበሩ። በሌላ በኩል ፌልድጀንዳርመሪ የተባለው የጀርመን ወታደራዊ ፖሊስ አለ፤ ደረታቸው ላይ በሰንሰለት ከሚያንጠለጥሉት ብረት የተነሣ የራሳቸው ወታደሮች «የሰንሰለት ውሾች» ይሏቸው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ከግንባር ሸሸ ያሉትን ወታደር እያደኑ ለሞት አሳልፈው ሰጥተዋል። ስለዚህ ደንብ ልብሱን ብቻ አይቶ ማመስገን ይከብደኛል፤ ሃምሳ አለቃንም ቢሆን የወደድኳቸው በጻፉት ወረቀት ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሥራ አስኪያጃችን የልጁን ፎቶግራፍ በር ላይ ለጥፉት አሉ፤ ሌላው እንዲማር። ሃምሳ አለቃ ምርኮኛ ለሕዝብ መታያ አይደረግም ሲሏቸው «እዚህ ጦር ሜዳ አይደለም» ብለው ሳቁ። ፎቶው ተለጠፈ። እሳቸው አልተከራከሩም። በማግሥቱ ጠዋት የጥበቃ መዝገቡን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ፤ ፎቶው በስንት ሰዓት እንደተለጠፈ፣ በማን ትእዛዝ እንደሆነና ልጁ ገና ያልተፈረደበት መሆኑን ጽፈው፣ ከሥሩ ለሥራ አስኪያጁ የፊርማ ቦታ አስተካክለው ትተውላቸዋል። ከምሳ በፊት ፎቶው ተነሣ።