የማን እጅ ነው የጮኸው?

ጥር በገባ ቁጥር እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል። የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ጎንደር በእንግዳ ተጨናንቃለች፣ እኛ በር ላይ የፍተሻው ሰልፍ ተጠማዞ መንገድ ደርሷል። የጥር ጠዋት ብርድ እጅ ይሰነጣጥቃልና ግሊሰሪን ሳልቀባ ከቤት አልወጣም። ይህችን ያዙልኝ።

አለቃችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህ ማሽን ፈንጂ ከሩቅ ያሸታል» ማለት ይወዳል። ከሩቅ ምንም አያሸትም። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቲኤንቲ የሚባለው ፈንጂ ተን ከ1 ቢሊዮን የአየር ሞለኪውል መካከል ከ10 አይበልጥም፤ የሌላው ፈንጂ፣ የአርዲኤክስ፣ ደግሞ ከዚያም በሺህ እጥፍ ገደማ ያንሳል። ለዚህ ነው እጅና ሻንጣ በጨርቅ የምንጠርገው። በጨርቁ የተነሳችውን ብናኝ ማሽኑ አግሎ ያተናታል፣ ተኑን የኤሌክትሪክ ሙል ያስይዘዋል፣ በውስጡ ያለውን ቱቦ በስንት ሚሊሰከንድ እንዳቋረጠ ለክቶ ምንነቱን ይለያል።

እኚያ እናት ዳቦ ቆሎ በዘንቢል ይዘው መጡ። እጃቸውን ጠረግሁ፤ ማሽኑ ጮኸ። ደገምኩ፤ ጮኸ። ዘንቢሉ ተዘረገፈ፣ ዳቦ ቆሎው መሬት ድረስ ተበተነ፣ ከኋላ የነበረው ሰው ሁሉ ሸሸ።

«እማማ፣ ምን ነክተው ነው የመጡት?»

«ሊጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን እነካለሁ የኔ ጌታ?» አሉና እጄን አተኩረው አዩት። «ያንተስ እጅ ምን ቢቀባ ነው እንዲህ የሚያብለጨልጨው?»

ዝም አልኩ። ጓንት አላደረግሁም። ለአንድ ፈረቃ የሚሰጠን አንድ ጥንድ ነው፣ የኔው ገና በጠዋቱ ተቀዷል፤ ሌላ ስጠይቅ «ጓንት ከሰማይ አይዘንብም» ተብያለሁ። ግሊሰሪን ደግሞ እነዚህን ማሽኖች በማሳሳት የታወቀ ነው፣ ሥልጠና ላይ ደብተሬ ውስጥ አስምሬበታለሁ። አስቀድሜ ባዶ ጨርቅ ባስገባ እንኳ ጥፋቱ የኔ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ሰልፉ ረዘመና ዘለልኩት።

ከባልደረባዬ ጓንት ተዋስኩ፣ ማሽኑ እስኪጠራ ባዶ ጨርቅ እየከተትኩ ጠበቅሁ፣ እንደገና ጠረግሁ። ጭጭ። ከዚያ ተንበርክኬ ዳቦ ቆሎ ለቀማ ገባሁ። እማማ ከዘንቢሉ አንድ እፍኝ ዘግነው ሰጡኝ፤ እምቢ ማለቱንም አፈርኩ፣ በላሁ።

አለቃዬ ሪፖርቱ ላይ «ማሽኑ በብርድ ምክንያት ተሳስቷል» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። በሳምንቱ ለማሽኑ ማሞቂያ ተገዛለት፤ ጓንቱ አሁንም አንድ ጥንድ ነው።