ላም አለኝ በሰማይ

አያቴ እርጎ እየናጠች ነበር። የ4 ወር ደመወዜን የያዘብኝ አሠሪዬ «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ላይ ይከፈልሃል» እንዳለኝ በደስታ ስነግራት፣ እጇን ከቅሉ ሳታነሳ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችኝ። ከፋኝ።

ይህን ተረት ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ ብለን ዝም እንላለን። ኃይሉ ግን ቀሪው ላይ ነው፤ «ሰማይ» ብሎ ከፍ ያደረገህን «አላይ» ብሎ ያወርድሃል። ደግሞም ከገበሬ ጓዳ የወጣ አባባል ነው። ላም ማለት ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ አሬራ፤ ማገዶው ሳይቀር ከእሷ ነው። የሰማይዋ ላም ኩበት እንኳ አትጥልም።

እኔን የሚያመኝ «አለኝ» የሚለው ቃል ነው። «የተስፋ ዳቦ» ስንል የሚያበላን ሌላ ሰው ነው፤ ላሟን ግን ራሳችን ነን «አለኝ» የምንላት። እኔም ባልደረሰኝ ደመወዝ ለቤት ኪራይ ቀን ቆርጬ ነበር።

ቅቤው ሲወጣ አያቴ አሬራውን በጣሳ ቀድታ አቀበለችኝ። «ጠጣ ልጄ፤ የዚችኛዋ ላም በረት ውስጥ ናት።»