12,000 ብር ደመወዝ ሲጣራ ስንት ይደርሳችኋል?

የቅጥር ደብዳቤያችሁ ላይ «መሠረታዊ ደመወዝ 12,000 ብር» ተብሎ ከተጻፈና ሌላ አበል ከሌለ፣ እጃችሁ የሚገባው 8,910 ብር ነው።

የሚቆረጡት ሁለት ናቸው፤ የሥራ ግብርና ጡረታ። ጡረታው ቀላል ነው፤ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር። ቀጣሪው 11 በመቶ ከራሱ ይጨምራል፤ ይህ ከእናንተ ደመወዝ ላይ አይነሳም።

ግብሩ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በእርከን ነው። እስከ 2,000 ብር ምንም የለም። እስከ 4,000 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። በየእርከኑ ላለመደመር አቋራጭ አለ፦ ጠቅላላውን በመጨረሻው እርከን መጣኔ አባዙና ተቀናሹን አንሱ። ተቀናሾቹ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ናቸው። ስለዚህ 12,000 × 30% = 3,600፤ 3,600 − 1,350 = 2,250 ብር ግብር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ተቀናሹን ረስቶ 3,600 ብር የሚቆረጥበት የሚመስለው አለ። ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር የሚያሰላም አለ፤ ይህ ግብሩን በ252 ብር ያሳንሰዋል። የሠራተኛው 7 በመቶ ግብር የሚሰላበትን ገቢ አይቀንስም። «14,000 ካለፍኩ ደመወዜ ይወርዳል» የሚል ስጋትም መሠረት የለውም፤ 35 በመቶው የሚያርፈው ካለፈው ብር ላይ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ያረጀ ኤክሴል ነው። አዲሱ ሠንጠረዥ ሥራ ላይ የዋለው ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በድሮው ስሌት 12,000 ብር ላይ 35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ይቀነስና ግብሩ 2,700 ይመጣ ነበር። ፔሮላችሁ ላይ ዛሬም 2,700 ካያችሁ በየወሩ 450 ብር ያለአግባብ እየሄደባችሁ ነውና ዛሬውኑ ፋይናንስ ክፍል ጠይቁ።

አበል ሲጨመር የግብሩና የጡረታው ስሌት ይለያያሉ። በ12,000ው ላይ ግብር የሚከፈልበት 4,000 ብር የኃላፊነት አበል ቢታከል፣ ግብሩ 16,000 × 35% − 2,050 = 3,550 ይሆናል። ጡረታው ግን እዚያው 840 ነው። የተጣራው 11,610፤ ከ4,000ው እጃችሁ የደረሰው 2,700 ብቻ ማለት ነው። የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተቀመጠው ጣሪያ ድረስ ከግብር ነፃ ስለሆነ ለብቻው ይያዝ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግብር አለበት፣ ጡረታ የለበትም።

ስትደራደሩ «በኔት (ተጣርቶ እጄ የሚገባ) 20,000 እፈልጋለሁ» ካላችሁ ወደኋላ አስሉ። ሁሉም መሠረታዊ ደመወዝ ከሆነና ከ14,000 በላይ ከሆነ፣ ከምትፈልጉት ኔት 2,050 ቀንሱና ለ0.58 አካፍሉ። 17,950 ÷ 0.58 = 30,948.28 ብር። ደብዳቤው ላይ ይህ ግሮስ (ሳይቆረጥ ያለው ጠቅላላ) በቁጥር ይጻፍላችሁ፤ ከእሱ ውስጥ ስንቱ መሠረታዊ ደመወዝ፣ ስንቱ አበል እንደሆነም ተለይቶ ይቀመጥ።