የቤታችንን ማሞቂያ ውሃ አፍስሼ እንደገና ስሞላ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር

በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ በምንኖርበት ቤት አንድ ኮምቢ ቦይለር፣ ማለትም ማሞቂያውንም የቧንቧውንም ሙቅ ውሃ የሚያዘጋጅ የጋዝ ማሞቂያ፣ እና ሙቅ ውሃ እየዞረባቸው ክፍሎቹን የሚያሞቁ ስምንት ራዲያተሮች አሉ። የሳሎኑ ራዲያተር ከላይ እየጋለ ከታች በረዶ ሆኖ ሁለት የብርድ ወራት አሳለፍን። አየር የያዘ ራዲያተር የሚቀዘቅዘው ከላይ ነው፤ ከታች ሲቀዘቅዝ ግን ከብረቱ ዝገት የሚመጣ ጥቁር ዝቃጭ በራዲያተሩ ውስጥ ከታች ተኝቷል ማለት ነው። ዝገቱን የሚከላከለው ኬሚካል በውሃው ውስጥ መኖሩ በየዓመቱ እንዲመረመር ቢኤስ 7593 የተባለው የብሪታንያ መመዘኛ ይጠይቃል። ቦይለራችንን በየዓመቱ የሚያየው ባለሙያ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይቀዳ በመዝገቡ ላይ «ተመርምሯል» የሚለውን ምልክት አድርጎ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ፊርማውን አምኜ ዝም በማለቴ በራሴም አዝናለሁ።

በጋዙ በኩል ያለውን ሥራ ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ ላይ የሰፈረ ባለሙያ ብቻ እንዲነካው ሕጉ ያዛል፤ የራዲያተሮቹን ውሃ ማፍሰስ ግን ለባለቤቱ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ውሃውን ከማፍሰሴ አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ ማጽጃ ኬሚካል ጨመርሁ። በዕለቱም ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ፤ ውሃው እስኪበርድ ጠበቅሁ፤ የራዲያተሮቹን ቫልቮች ሁሉ ከፈትሁ፤ ግፊቱንም ወደ ዜሮ አወረድሁ። ከዚያም በውጭው በር አጠገብ ከወለሉ ጥግ ባለችው የማፍሰሻ ቫልቭ ላይ የውሃ ጎማ አስሬ ጫፉን ወደ ፍሳሽ መስመሩ ዘረጋሁ። ይህ ውሃ ኬሚካል ስላለበት የዝናብ ውሃ ወደሚሄድበት ጉድጓድ መግባት የለበትም።

መከራው የጀመረው ቫልቭዋን ስፈታ ነው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር አዞርሁ፤ ጎማው ግን ደረቅ ነው። ያነበብኋቸው መመሪያዎች ሁሉ ውሃው እንዲወርድ ከላይ አየር ሊገባለት ይገባል ስለሚሉ፣ ፎቅ ላይ ወጥቼ የሁለት ራዲያተሮችን ማስተንፈሻ (አየር የሚወጣበትንና የሚገባበትን ትንሽ ቫልቭ) ከፈትሁና ተመልሼ ማዞሬን ቀጠልሁ። ያልገባኝ ነገር ቢኖር በቫልቭዋ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ከመቀመጫው ጋር መጣበቁ ነበር። እኔ የምፈታው ብሎኑን ብቻ ነው፤ መውጫውን የደፈነው ቀለበት ከቦታው አልተነሣም። በመጨረሻ ብሎኑ ተፈትቶ እጄ ላይ ቀረ። ያኔ መልሼ ማሰር ሲገባኝ፣ በቀጭን ብሎን መፍቻ ቀለበቱን ነካ አደረግሁት።

ቀለበቱ ሲነሣ የላይኛው ፎቅ ውሃ በሙሉ በዚያች ቀዳዳ መጣ። ጎማው ከጎን ስለሆነ የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ፊቴንና ግድግዳውን መትቶ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ መልኩም እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነው። በአውራ ጣቴ ደፍኜ ባለቤቴን ተጣራሁ፤ ሳፋ ይዛ ስትደርስ ሳፋውም በደቂቃ ሞላ። ያዳነን ፎቅ ላይ ወጥታ ሁለቱን ማስተንፈሻዎች መዝጋትዋ ነው። ከላይ አየር ሲያጣ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ፍሰቱም ወደ መንጠባጠብ ወረደ፤ እኔም ብሎኑን መልሼ አሰርሁት።

ስለዚህ መመሪያዎቹ የሚሉትን ትቼ የምመክረው ይህን ነው። ውሃ በጎማው በኩል መውረድ ሳይጀምር የላይኛውን ማስተንፈሻ አትክፈቱ። ቫልቭዋ ሁለት ዙር ተፈትታ ውሃ ካልመጣ፣ ከዚያ በላይ ከማዞር ይልቅ ጥቂት አጥብቃችሁ ጎማውን አውልቁና በመውጫው በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ቀለበቱን ግፉት፤ ከዚያ ወዲያው አጥብቃችሁ ዝጉና ጎማውን መልሳችሁ እሰሩ። ከሁሉ በፊት ግን የዋጋው ትንሽነት የማያስቆጭ አዲስ የማፍሰሻ ቫልቭ ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ አሮጌው ቀለበት አንዴ ከተነሣ በደንብ አይዘጋም። የእኛም ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ አደረና በማግስቱ በአዲስ ተካሁት።

የቀረው ሥራ ቀላል ነበር። የሳሎኑን ራዲያተር ነቅዬ ጓሮ ውስጥ በጎማ ውሃ አጠብሁት፤ ጥቁሩ ውሃ እስኪጠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። መከላከያውን ኬሚካል ፎቅ ባለው ባዶ የፎጣ ማድረቂያ ራዲያተር ውስጥ አስቀድሜ ጨመርሁ። ሲሞላ የመሙያውን ቫልቭ በጥቂቱ ብቻ ከፍቼ፣ ከታችኛው ፎቅ ጀምሬ ወደ ላይ እያስተነፈስሁ ግፊቱን 1.2 ባር አደረስሁ፤ የመሙያውን ቱቦም ነቀልሁት።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይቆጨኛል። ውሃው ሲሞቅ የሚጨምረውን መጠን የሚቀበለው የቦይለሩ የማስፋፊያ ታንክ የአየር ግፊት በትክክል የሚለካው ሥርዓቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ነው፤ እኔ ግን ያንን ቀን ባለሙያ ሳልጠራ አሳለፍሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሞቂያው በጋለ ቁጥር ግፊቱ ወደ 3 ባር እየወጣ የደኅንነት ቫልቩ ወደ ውጭ ይተፋ ጀመር፤ ታንኩን አየር እንዲሞላ ለጠራሁት ባለሙያ የከፈልሁትም ራሴ በሠራሁት ሥራ ካተረፍሁት ገንዘብ ይበልጣል።

የሳሎኑ ራዲያተር ዛሬ ከላይ እስከ ታች እኩል ይሞቃል። በሚቀጥለው ዓመታዊ ምርመራ ለመጣው ሌላ ባለሙያ መዝገቡን የሰጠሁት በመጀመሪያ ከማፍሰሻው በብርጭቆ ውሃ ቀድቶ በመመርመሪያ ወረቀት ካሳየኝ በኋላ ነው።