«ጥሩ ነው ልጄ» የሚለውን ማመን ያቆምኩ ቀን፦ ከባንክ መስኮት ወደ ዩ ኤክስ ዲዛይን

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ ስድስት ዓመት ቴለር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራው ገንዘብ መቁጠር ነው ይባላል እንጂ የቀኔ ግማሽ የሚያልቀው ሌላ ነገር ላይ ነበር። የብሩ መጠን በሚጻፍበት ቦታ ስማቸውን የጻፉ፣ የፊርማውን ቦታ ሳያዩ ያለፉ፣ ሦስተኛ ቅጽ አበላሽተው ያላባቸው ሰዎች ፊቴ ይቆማሉ። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ከጀመረና የባንኮች የሞባይል መተግበሪያም ከበዛ በኋላ ደግሞ ስልካቸውን በመስኮቱ ሥር አሾልከው ይሰጡኝ ጀመር። «እስኪ አንቺ ላኪልኝ» ይሉኛል። የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው የሚነግሩኝም ነበሩ።

አንዲት እናት በየወሩ ክፍለ ሀገር ላለው ልጃቸው ብር ይልካሉ። አሳያቸዋለሁ፤ «ገብቶኛል ልጄ፣ ተባረኪ» ብለው ይሄዳሉ። በወሩ ተመልሰው ስልኩን ይሰጡኛል። አራተኛው ወር ላይ ነው የነቃሁት። አንድም ቀን አልገባቸውም። እኔን ላለማስቸገር፣ ከኋላቸው የተሰለፈውን ሰው ላለማስቆም ሲሉ ነው ገብቶኛል የሚሉት። እሳቸው «እኔ ደንቆሮ ሆኜ ነው» ብለው ያምኑ ነበር። የስልኩ ኪቦርድ ሲከፈት «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ይሸፍነዋል፤ ችግሩ ይኸው ነበር። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ተናድጄ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የነገረኝ የቅርንጫፋችንን ኮምፒውተሮች ሊያይ የመጣ ባለሙያ ነው። ስለ ስሙ ሳነብ «ዩዘር ኤክስፒሪያንስ» (የተጠቃሚ ተሞክሮ፣ ሲያጥር ዩ ኤክስ) የሚለውን አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶን ኖርማን በ1993 እ.ኤ.አ. አፕል ሲገባ የሥራ መጠሪያው አድርጎት እንደነበር አገኘሁ። ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማይርቅ ሙያ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዶላር መክፈል ለእኔ የሚታሰብ ስላልነበር ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ላይ የክፍያ ድጋፍ ጠይቄ የጉግልን የዩ ኤክስ ኮርስ ጀመርኩ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ። በታኅሣሥ 2014 ነው የተከፈተው፤ ለእኔ ልክ በሰዓቱ ነበር የደረሰልኝ። ቤት መብራት ሲጠፋ ስክሪን የምሠራበት ፕሮግራም፣ ፊግማ፣ አይከፈትምና በወረቀት እሥላለሁ። ወረቀቱ የጠቀመኝን ያህል ኮርሱ አልጠቀመኝም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በእርሳስ የተሣለ ስክሪን አያሳሳም፤ ሐሳቡ ካልሠራ ቀለሙ አያድነውም።

ስለ ገንዘቡ አጭር ላድርገው። ሥራ የለቀቅሁት ዕቁቤ በወጣልኝ ሳምንት ነው። የስምንት ወር የቤት ኪራይና አስቤዛ ይዤ ነበር። የሠራተኛ ብድር ያለበት ሰው ግን ከመልቀቁ በፊት ውሉን ደጋግሞ ያንብብ፤ ከሥራ ሲወጣ የወለዱ መጠን ሊለወጥበት ይችላል። እናቴ ለሁለት ሳምንት አኩርፋኛለች። ባንክ ተለቆ ሥዕል ይሣላል ወይ አለች፤ መልስ አልነበረኝም።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት የሠራሁትን ለሰው ሰጥቼ ስፈትን ነው። በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. የሠራችሁትን በአምስት ሰው ብቻ ብታስሞክሩ አብዛኛውን ችግር ታገኛላችሁ ብሎ ጽፏል። እኔም የገንዘብ መላኪያ ስክሪን ሠርቼ በአምስት ሰው አስሞከርኩ። አምስቱም «በጣም ያምራል» አሉኝ። ምንም ችግር አላገኘሁም። ለሦስት ቀን ጎበዝ ነኝ ብዬ ቆየሁ፤ ከዚያ ያቺ የባንኳ እናት ትዝ አሉኝ።

ይሉኝታ ነው። እኛ አገር ሰው የሠራኸውን ነገር ዓይንህ እያየ አያጣጥለውም፤ በተለይ ቡና እየጋበዝከው። መጻሕፍቱ «ተጠቃሚው ጮክ ብሎ እያሰበ ይሥራ» ይላሉ፤ የእኛ ሰው ግን ጮክ ብሎ የሚያስበው ምስጋናውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ቡና የሚያፈሉ እትዬ ዘንድ ሄጄ ዘዴውን ለወጥኩ። መጀመሪያ «ይህን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ስህተቱን እንድፈልግ ነው የተላክሁት» አልኳቸው። ውሸት ስለነበር ከበደኝ፤ በኋላ ጓደኛዬ የሠራውን እኔ፣ እኔ የሠራሁትን እሱ እየፈተነ ውሸቱን እውነት አደረግነው። ቀጥዬ አፋቸውን ትቼ አውራ ጣታቸውን አየሁ። ጣታቸው «ተቀባይ» የሚለው ላይ ደርሶ አየር ላይ ቆመ። አፋቸው «ጥሩ ነው ልጄ» ይላል። መጨረሻ ላይ «ጎረቤትዎ ይህን ቢነኩት የት ላይ ይቸገራሉ?» ስላቸው ግን ሳቁና በአንድ ትንፋሽ ሰባት ነገር ቆጠሩልኝ። የራሳቸውን ችግር ለጎረቤት ሰጥተው ነገሩኝ። ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ከቆጠሩት ውስጥ ሁለቱ በየትኛውም ኮርስ ያላየኋቸው ነበሩ። አንዱ ቁልፉ ላይ የጻፍኩት «ላክ» ነው። «እኔን ወንድ አደረገኝ» አሉ። በእንግሊዝኛው አንድ ቃል የሆነው ነገር በአማርኛ ላክ፣ ላኪ፣ ይላኩ ነው፤ ጾታና አክብሮት ሳትመርጥ ቁልፍ መጻፍ አትችልም። እኔ «ይላኩ» እመርጣለሁ፤ ታናሹን ቢያከብር ማንም አይቀየምም። ሁለተኛው ፊደሉ ነው። ሉ እና ሊ፣ ቡ እና ቢ የሚለያቸው የጭረቷ ቦታ ብቻ ስለሆነ ለላቲን የሚበቃው መጠን ለእኛ ይጠብባል። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ጽሑፍ መጠኑንም የመስመር ክፍተቱንም ከፍ አደርጋለሁ። የአባት ስም ያለን እንጂ የቤተሰብ ስም የሌለን መሆናችንን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ስንል ስልኩ 9 እንደሚል፣ ጳጉሜን የማያውቅ የቀን መምረጫ ስንት ሰው እንደሚያስቀር፣ እነዚህን ሁሉ ደብተሬ ላይ መዘገብኩ።

ሥራ ሳመለክት አራት ቦታ ወደቅሁ። ፖርትፎሊዮዬ ላይ፣ ማለትም የሥራ ናሙናዬ ላይ፣ የውጭ አገር መተግበሪያዎችን አሳምሬ ደግሜ ሠርቼ ነበር፤ ማንም ሁለተኛ አላየውም። አምስተኛው ቃለ መጠይቅ ሜክሲኮ አካባቢ ነበር። ላፕቶፔ አልነሣ ሲል ደብተሩን አወጣሁ፤ የጣቱን ቦታ፣ የቆመበትን ሰከንድ፣ የጎረቤቷን ሰባት ነገር። አንድ ሰዓት ተኩል ተነጋገርን። የጀመርኩት በባንክ ደሞዜ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ወደ ቀድሞው ደሞዜ ለመመለስ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ባለፈው ወር አዲስ ያወጣነውን ስክሪን ይዤ ወደ እትዬ ቡና ሄድኩ። ስኒውን አስቀምጠው ስልኩን ተቀበሉኝ። ቁልፉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ሳይቆም ነካው። ከዚያ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣ ስለ ጎረቤት ሳልጠይቃቸው፣ «ይቺ ግን አልገባችኝም» አሉ፣ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት እያሳዩኝ።

ደብተሬን አወጣሁ።