ጥፋቱ የቆርቆሮው ነበር፦ ጨረቃን ከጓሮዬ ፎቶ ያነሣሁበት መንገድ

ጨረቃን ፎቶ ማንሣት የጀመርኩት አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ነው። እንደ ብዙ ጀማሪ ሙሉ ጨረቃን ጠብቄ፣ ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ የገጠምኩለትን ካሜራ ብርሃኑን በራሱ እንዲመጥን ትቼ ባነሣ፣ የወጣልኝ ነጭ ሣህን የመሰለ ክብ ብቻ ሆነ። ካሜራው ከፊቱ ያለው አብዛኛው ነገር ጥቁር ሰማይ ስለሆነ ብርሃን ያነሰው መስሎት ያበዛል፤ ጨረቃ ግን ፀሐይ ያረፈባት ድንጋይ በመሆኗ ልትነሣ የሚገባት በቀን ብርሃን ልክ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 11፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ልክ) 100፣ የመዝጊያውን ፍጥነት የሰከንድ አንድ መቶኛ ሳደርግ ጥቋቁሮቹ ሜዳዎች ታዩ። ያም ሆኖ ምስሉ ጠፍጣፋ ነበር፤ ጨረቃ ስትሞላ የፀሐይ ብርሃን ከእኛ ጀርባ በቀጥታ ስለሚያርፍባት፣ ተራራና ጉድጓዷን የሚያሳየው ጥላ ይጠፋል። መብራት እስኪጠፋ ስጠብቅ ያመሸሁባቸው ቀናትም ከንቱ ነበሩ፤ የከተማ ብርሃን ደብዛዛ ከዋክብትን እንጂ ጨረቃን አይጋርድም።

በኋላ መስተዋቱ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1200 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ያገለገለ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። ካሜራዬን ስገጥምለት ምስሉ የሚጠራበት ቦታ ወደ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ አልደርስበት ስላለ፣ ስልኬን በማያዣ ከዓይን መመልከቻው ላይ አሠርኩት። ነገር ግን ጨረቃ በፈላ ውኃ ውስጥ እንደተቀመጠች ትንቀጠቀጥ ነበር። ለወራት ጥፋተኛው መስተዋቱ ነው ብዬ ብሎኖቹን ሳጠብቅና ሳላላ ከረምኩ። አንድ ምሽት ግን ጨረቃ ከአናታችን በላይ ሳለች ረጋ ያለው ምስል፣ ወደ ጎረቤት ጣሪያዎች ስታዘቀዝቅ መፍላት መጀመሩን አስተዋልኩ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣው ቆርቆሮና ግድግዳ ማታ ሙቀቱን ሲተፋ፣ በላዩ የሚያልፈውን ብርሃን ያጣምመዋል። ቴሌስኮፑም ከሞቀ ክፍል እንደወጣ ተመሳሳይ ጥፋት ስለሚሠራ፣ አሁን ሥራ ከመጀመሬ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ደጅ አወጣዋለሁ።

ስለዚህ ሥራዬን ወደ ንጋት አዛወርኩ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጨረቃ ወደ ግማሽ ስትጎድል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ጣሪያውም በርዷል፣ እኔም በጋቢ ተጠቅልያለሁ። ቴሌስኮፑ ሞተር ስለሌለው ጨረቃ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትሸሻለች። እኔም አላባርራትም፤ ከቴሌስኮፑ የእይታ መስክ ጠርዝ አስቀምጬ ስታቋርጥ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። በሰከንድ 30 ምስል ሲታሰብ 1800 ምስሎች ይሆናሉ። አውቶስታከርት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አየሩ የረጋባቸውን መርጦ ይደራርብልኛል፤ እኔ የማስቀረው ከመቶ አሥሩን ብቻ ነው። ማጥራቱን ሬጂስታክስ በተባለ ሌላ ፕሮግራም እጨርሳለሁ፣ ግን በቁጥብነት፤ ከልክ ያለፈ ማጥራት በጉድጓዶቹ ዙሪያ የሌለ ነጭ መስመር ያበቅላል።

አንድ ንጋት ለቤተ ክርስቲያን የወጡ ጎረቤታችን እማማ ቆም ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ገልብጠሃት እኮ ነው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የእኔ ዓይነት ቴሌስኮፕ ላዩን ታች፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ ያሳያል። ኮፐርኒከስ የተባለው ጉድጓድ 93 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሰፋ፣ ከዚህ እስከ አዳማ ያለውን የመኪና መንገድ ሊስተካከል ጥቂት እንደሚቀረው ስነግራቸው፣ እንደገና ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

አሁን የምደክመው ለክላቪየስ ነው። በዚያ ሰፊ ጉድጓድ ወለል ላይ መጠናቸው እየቀነሰ በቅስት የተደረደሩ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ ባለፈው ታኅሣሥ ባነሣሁት ፎቶ አራቱን ቆጥሬያለሁ፣ አምስተኛው ግን ጥላ ይሁን ጉድጓድ ገና አልለየሁትም።