አንቲቫይረስህን አጥፋ

ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኩት ፋይል ዚፕ ነበር። ውስጡ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ክራኩ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያሠራው መጫኛ፣ ሌላው «መጀመሪያ ይህን አንብብ» የሚል አጭር ጽሑፍ። ከፈትኩት። ሦስት መስመር ነው። ኢንተርኔት አቋርጥ፣ አንቲቫይረስህን አጥፋ፣ ከዚያ ክራኩን ክፈት ይላል። እኔም እንደ ታዛዥ ልጅ አጠፋሁት። አስቡት እስቲ፤ የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ «ልገባ ስለሆነ ውሻህን እሰርልኝ» ሲለኝ ሄጄ አሰርኩለት ማለት እኮ ነው።

ፕሮግራሙ ሠራ። ደስ አለኝ። ቪዲዮ መቁረጫ ነበር፣ ሕጋዊው ዋጋው ለእኔ የማይቀመስ። በአራተኛው ቀን ሌሊት ስልኬ ተንጫጫ፤ ኢሜይሌ ረግጬው በማላውቀው አገር ተከፍቷል። ጠዋት ደግሞ ጓደኞቼ መደወል ጀመሩ። «ምን ሆነህ ነው? ገንዘብ ቸገረኝ ብለህ ጻፍክልኝ እኮ!» አንዷማ ልትልክልኝ ተዘጋጅታ፣ ለማንኛውም ድምፁን ልስማው ብላ ነው የደወለችው። ብራውዘሩ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው የይለፍ ቃሎች አንድም ሳይቀር ተለቅመው ሄደዋል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «ፓይሬሲና ወንጀለኛ አይገናኙም» ቢለኝ አልስማማም። (ፓይሬሲ ማለት የሰውን ፊልም፣ ዘፈን ወይም ፕሮግራም ያለ ፈቃድ መቅዳትና ማሰራጨት ነው።) ሲገናኙ አይቻለሁ፣ ያውም እኔው ኮምፒውተር ላይ። ግን «ፊልም በነፃ ያወረደ ሁሉ አሸባሪ ይደግፋል» ሲባልም ያንኑ ያህል ነው የምናደደው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንድ ናቸው እየተባለ ሃያ ምናምን ዓመት ስለተጮኸ ነው እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሰሚ ያጣው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

ነገሩ በደንብ የፈነዳው በ1999 ነው። ሾን ፋኒንግ የሚባል ገና 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ናፕስተር የሚባል ፕሮግራም ለቀቀ። ዘፈኑ ያለው በየተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የናፕስተር ሰርቨር የሚያውቀው ማን ጋ ምን እንዳለ ብቻ። ዓመቱ ሳያልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ከሰሱት፣ በ2001 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ግን ብራም ኮኸን ቢትቶረንትን አወጣ። ቶረንት ፋይሉን ይቆራርሰዋል። አንዱን ቁራጭ ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው ትወስዳለህ፤ እየወሰድክ ሳለ አንተም የያዝከውን ለሌላ ሰው ትሰጣለህ። መሃል ላይ የተቀመጠ ሻጭ የለም። ማንም ለማንም አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። በፊት «ዘፋኙን እየጎዳችሁት ነው» ነበር የሚባለው። በ2003 የያኔው የኢንተርፖል ዋና ጸሐፊ ሮናልድ ኖብል አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ የሐሰተኛ ዕቃና የቅጂ ንግድ ለሽብር ቡድኖች የገንዘብ ምንጭ እየሆነ ነው ብለው መሰከሩ። በ2009 ደግሞ ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የፊልም ፓይሬሲን ከተደራጀ ወንጀልና ከሽብር ጋር የሚያያይዝ ሪፖርት አወጣ። ወጪውን የሸፈነው የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ነው። እሱ ብቻውን ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፤ የቀረቡት 14 ጉዳዮችም ተራ ወሬ አይደሉም። አብዛኞቹ የወሮበላ ቡድኖች ናቸው፣ ሦስቱ ውስጥ ደግሞ የሽብር ቡድን አለ።

ግን የሚያወራው በአብዛኛው ስለ ዲስክ ነው። ማሌዥያ ውስጥ በ70 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ የተሠራ ዲቪዲ ለንደን መንገድ ላይ ወደ 9 ዶላር ይሸጣል ይላል። ይህ ትርፍ የአደንዛዥ ዕፅን ያስንቃል፣ ስትያዝ የሚቆይህ ቅጣት ደግሞ ከዕፅ ጋር አይወዳደርም። ወሮበላ ሞኝ አይደለም፤ ሒሳብ ያውቃል። ማባዣ ማሽን፣ መጋዘን፣ ድንበር የሚያሻግር ሰው፣ መንገድ ላይ የሚያዞር ሻጭ ያስፈልገዋል፣ ይህ ሁሉ ደግሞ በሌላ ሥራው ያለው ነው።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አምጧት። ቤቱ ቁጭ ብሎ በነፃ የሚያወርድ ሰው ለዚያ ዲስክ ለምን 9 ዶላር ያወጣል? እንደ እኔ እንደ እኔ የዲስክ ወሮበላውን ገበያ ከፖሊስ ይልቅ የገደለው ቶረንት ነው። ስለ ዲስኩ ነጋዴ የተሰበሰበውን ማስረጃ አንስቶ ዘፈን በሚለዋወጡ ተማሪዎች ላይ መለጠፍ፣ ሁለቱም ላይ «ፓይሬሲ» የሚል ስም ስላለ ብቻ፣ ትክክል አልነበረም። ሰዉም አልተሸወደም። ሳቀ፣ ማውረዱንም ቀጠለ።

ይባስ ብሎ የተመታው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ አንዲት እናት 24 ዘፈን በማጋራቷ በ2007 222,000 ዶላር ክፈይ ተባለች። ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በ2009 1,920,000 ዶላር ሆነ። ለአንድ ዘፈን 80,000 መሆኑ ነው! ከብዙ ምልልስ በኋላ ተመልሶ እዚያው 222,000 ላይ አረፈ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። የዲስክ ፋብሪካ ያለው ሰውዬ ይህን ዜና ሲሰማ የሚደነግጥ ይመስላችኋል?

«ስርቆት ስርቆት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ስሜታቸው ይገባኛል፣ ቆይቼ እንደምነግራችሁ እኔም ቀምሼዋለሁ። በሕግ ቋንቋ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። በ1985 የኤልቪስ ፕሬስሊን ዘፈኖች ያለፈቃድ በሸክላ አሳትመው ሲሸጡ የነበሩ ሰዎች ጉዳይ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሸክላዎቹ ስለተሰረቀ ዕቃ በወጣው ሕግ «የተሰረቁ» ሊባሉ አይችሉም፣ የቅጂ መብት መጣስ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው አለ። በቅሎዬን ብትወስድብኝ በቅሎዬ የለችም፤ ዘፈኔን ብትቀዳው ዘፈኔ አለ፣ የጎደለው ልታመጣልኝ ትችል የነበረው ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ስንት ነው? እዚህ ላይ ቁጥር የሚወረውር አይጠፋም። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2010 ሲያጣራ ግን በየቦታው ሲጠቀሱ የኖሩ ሦስት የኪሳራ ግምቶች መነሻቸው ከየት እንደሆነ ሊገኝ አልቻለም። ከዚያ በኋላም ሲጠቀሱ አይቻለሁ፣ አይገርምም?

ደግሞ ወንጀለኛው ሁሌ በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። በጣም የምወደው ታሪክ ይሄ ነው። ፕሬንዳ የሚባል የጥብቅና ድርጅት ነበር። የአዋቂዎች ፊልም በቶረንት ያወረዱ ሰዎችን እያሳደደ «ከምንከስህና ስምህ ከሚነሳ ጥቂት ሺህ ዶላር ክፈል» ይላል። ሰው ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር ስሙ እንዲነሳ ስለማይፈልግ ይከፍላል። ሲጣራ ለካ ፊልሞቹን ወጥመድ አድርገው ኢንተርኔት ላይ ሲያስቀምጡ የነበሩት ጠበቆቹ ራሳቸው ናቸው! የተወሰኑትንማ ለዚሁ ብለው አስቀርጸዋቸዋል። በዚህ ዘዴ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ሰብስበዋል። በ2019 አንዱ 14 ዓመት፣ ሌላው 5 ዓመት ተፈረደባቸው። የተደራጀ ወንጀል ካላችሁ ይኸው፣ ከነደብዳቤ ማኅተሙ።

የሙዚቃ ኩባንያው ሶኒ ቢኤምጂም አለ። በ2005 ሕጋዊ የሙዚቃ ሲዲ ከፍለው የገዙ ሰዎች ዲስኩን ኮምፒውተራቸው ውስጥ ሲያስገቡ፣ ቅጂ የሚከለክል ፕሮግራም ራሱን ደብቆ ይጫን ነበር። ለመደበቂያ የተጠቀመበት ቀዳዳ ለቫይረስ ሠሪዎችም ተመቸ። ተከሰሱ፣ ሲዲዎቹም ከገበያ ተሰበሰቡ። ያን ሰሞን በነፃ ያወረደው ሰው ከፍሎ ከገዛው ይልቅ ሰላም አድሯል ማለት ነው። (እኔ ያወረድኩት ግን ሰላም አላሳደረኝም፣ ያንን አልረሳሁም።)

እሺ፣ ወንጀሉ ታዲያ የት ነው? ሻጭ ባለበት ነው። በነፃ የሚሰጥህ ገጽ በማስታወቂያ ካልነገደ፣ አባልነት ካልሸጠ፣ ወይም አንተኑ ካልሸጠ የሰርቨሩን ኪራይ ከየት ያመጣል? በ2012 የተዘጋው ሜጋአፕሎድ የሚባል ፋይል ማስቀመጫና ማጋሪያ ገጽ ለምሳሌ የጓደኛሞች ልውውጥ አልነበረም። የአሜሪካ አቃቤ ሕጎች መሥራቹ ኪም ዶትኮምና ባልደረቦቹ ከ175 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አግኝተዋል ብለው ነው የከሰሷቸው፤ ክሱ ውስጥ የተደራጀ ወንጀልና ገንዘብ ማጠብ ሁሉ አለ። ኒውዚላንድ ውስጥ የዶትኮም ቤት ላይ ፖሊስ በሄሊኮፕተር ነው የወረደው። እዚህ ላይ ገንዘቡ አለ፣ ክርክሩም ተገቢ ነው። ሰርቨሮቹ ሲዘጉ ግን የራሳቸውን ሥራ እዚያ ያስቀመጡ ሰዎች ፋይልም አብሮ ተቆለፈ። አንዱ የተማሪዎች ስፖርት ውድድር እየቀረጸ የሚኖር ሰው ነበር። የራሱን ቪዲዮ ለማግኘት ፍርድ ቤት መሟገት ነበረበት።

ዛሬ ደግሞ በወር ትንሽ ገንዘብ ተቀብለው የዓለምን የቴሌቪዥን ጣቢያ በሙሉ የሚከፍቱልህ አሉ። ይህን ከቶረንት ጋር አንድ ላይ አልቆጥረውም። ደንበኛ ንግድ ነው፣ የባንክ ካርድህን ቁጥርም ማን እንደሆነ ለማታውቀው ሰው ሰጥተሃል። ክራክ የተባለውም እንደዚያው። እውነቱን ለመናገር ክራኩን ሠርቶ ያሰራጨልኝ ሰውዬ ቪዲዮ መቁረጫ ስላጣሁ አዝኖልኝ አይደለም።

ሰው በነፃ የሚወስደው ሌባ ስለሆነ ብቻ እንዳልሆነ ስፖቲፋይ የሚባለው የሙዚቃ ማዳመጫ አፕ አሳይቷል። በ2008 ሥራ የጀመረው ስዊድን ነው፣ ቶረንት የሚገኝበት የታወቀው ገጽ የፓይሬት ቤይ አገር። በቀጣዩ ዓመት ስቶክሆልም ውስጥ ከፓይሬት ቤይ ጋር የተያያዙ አራት ሰዎች የአንድ አንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ገጹ ግን ሥራውን ቀጠለ። ዘፈን የሚያወርዱ ጓደኞቼን ማውረዱን ያስተዋቸው ፍርዱ አይደለም። በአንድ አፕ፣ በአንድ ክፍያ፣ ያለ ቫይረስ መስማት መቻሉ ነው። ፊልም ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ አንዱ ተከታታይ እዚህ፣ ሌላው እዚያ፣ አራት ቦታ ክፈል ትባላለህ። ቶረንት ትተው የነበሩ ሰዎች ሲመለሱ እያየሁ ነው።

አሁን ቀመስኩት ወዳልኩት ልምጣ። ባለፈው ዓመት ስለ ኤክሴል 40 ገጽ የምታህል መማሪያ አዘጋጅቼ በፒዲኤፍ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጓደኛዬ «ይሄ ያንተ አይደለም ወይ?» ብሎ የቴሌግራም ሊንክ ላከልኝ። የእኔው ነው። ሽፋኑ ላይ የነበረው ስሜ ጠፍቷል፣ ከላይና ከታች የቁማር ማስታወቂያ አለ። ያን ሁሉ ምሽት አምሽቼ የሠራሁት ነገር የቁማር ማስታወቂያ ማሻሻጫ ሆኖ ሳየው፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ የሚክድ ቁጣ ነው የመጣብኝ። ለቻናሉ ባለቤት በትሕትና ጻፍኩለት። «ብሮ፣ እውቀት የሁሉም ነው፣ እኛ ሼር ነው የምናደርገው» አለኝ። ምን ትለዋለህ? ተውኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ገባሁ። ፒዲኤፉ ተቀይሯል። በየገጹ ላይ በአግድም የቻናሉ ስም በትልቁ ታትሞበታል፣ ከግርጌው ደግሞ በቀይ «ያለ ቻናላችን ፈቃድ ኮፒ ማድረግ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል።